የሳቅ ሰዎች ሲያልፉ ሳቃቸው የት ይቀመጣል?

ከእንጦጦ ራጉኤል ግርጌ ቁልቁል የተንጣለለችው አዲስ አበባ የአንድን ሰው የጥበብ ሕይወት በሦስት ሥፍራዎች ይዛለች። የመጀመሪያው በመድረኩ ላይ የተወኑበት ብሔራዊ ቴአትር ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ የጀመረበት የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሐምሌ 2009 ዓ.ም ሥርዓተ ቀብራቸው የተፈጸመበት የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። እኒህ ሰው ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ ሕዝብ ግን የሚያውቃቸው «አባባ ተስፋዬ» ብሎ ነው።

አባባ ተስፋዬ በሕይወት በነበሩ ጊዜ ያሳቋቸው ሕፃናት ዛሬ አያቶች ሆነዋል። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» የሚለውን ሰላምታቸውን የሚያስታውስ ሁሉ ድምፃቸውን፣ ሽበታቸውንና ፈገግታቸውን አብሮ ያስታውሳል። ይሁን እንጂ ያን ሰላምታ ሰምቶ የማያውቅ ወጣት «ሰውዬው ምን ነበራቸውና ነው እንዲህ የምትወዷቸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን በቃል ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። የተወደደን አስቂኝ ተዋናይ ለማስታወስ የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም የሚያስፈልገው ለዚህ ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም ከምን ይሠራል? ምን ሲጎድል ይከሽፋል? የሚጎድለውን ነገር አሁን በእጁ የያዘውስ ማን ነው? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ያብራራል። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከባለሙያዎች ይልቅ ተራውን ተመልካችና አድማጭ የሚመለከት በመሆኑ በከተማም በገጠርም ያለን ሰው ይነካል።

ከተዝካር እስከ ዘጋቢ ፊልም

ሙትን ማስታወስ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ዐርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ዘመድ ይሰበሰባል፤ የሟች ስም ይነሣል። በብዙ የአማራ አካባቢዎች ደግሞ አልቃሿ የሟቹን ሥራ በሙሾ ትዘረዝራለች፤ ደግነቱን፣ ጀግንነቱን፣ እርሻውንና ቤቱን እየጠራች ለቀስተኛውን ታስለቅሳለች። ሙሾ ሰውን በቃል መሣል ነው። የሟቹን ፎቶግራፍ በለቅሶ ቦታ ማስቀመጥ ሲለመድ ደግሞ ምስል ከቃል ጋር ተጣመረ። ዘጋቢ ፊልም የዚህ ልማድ ቀጣይ ገጽ ነው ማለት ይቻላል፤ ቃልን፣ ምስልንና ድምፅን በአንድ ላይ ያቀርባልና።

ሆኖም በሙሾና በዘጋቢ ፊልም መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሙሾ የሚነገረው ሟቹን ለሚያውቁ ሰዎች ነው። ለቀስተኛው ሰውየውን አይቶታል፣ አነጋግሮታል፤ ስለዚህ ጥቂት ቃል ብዙ ትዝታ ይቀሰቅስበታል። ዘጋቢ ፊልም ግን ሟቹን ላላየ ትውልድም መድረስ አለበት። ላላየ ሰው ደግሞ ምስጋና ብቻውን አይበቃም። «በጣም ያስቅ ነበር» የሚሉ አሥር ሰዎች በተከታታይ ቢናገሩ፣ ያላየው ሰው አንድ ጊዜም አይስቅም። አንዲት የሁለት ደቂቃ ቅንጭብ ግን ያስቀዋለች።

በዓለም አቀፍ ደረጃ በቅርቡ ከታዩት የመታሰቢያ ፊልሞች አንዱ ይህን በግልጽ ያሳያል። ካናዳዊው አስቂኝ ተዋናይ ጆን ካንዲ እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር በመጋቢት ወር 1994 በሜክሲኮ ፊልም በመሥራት ላይ ሳለ በ43 ዓመቱ ዐረፈ። «ሆም አሎን» የተሰኘውን ፊልም ያየ ሰው፣ ልጇ ጋ ለመድረስ የምትጣደፈውን እናት በመኪናው ያሳፈረውን ወፍራም ሙዚቀኛ ያስታውሰዋል። ካንዲ ካረፈ ከ31 ዓመታት በኋላ በ2025 «ጆን ካንዲ፦ አይ ላይክ ሚ» የሚል ዘጋቢ ፊልም በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ለእይታ በቃ። አዘጋጁ ኮሊን ሃንክስ ነው።

ፊልሙ የተወደደን ሰው የሚያሞግስ ቢሆንም በሙገሳ ብቻ አልተወሰነም። ካንዲ ገና አምስት ዓመት በሞላበት ዕለት አባቱ በ35 ዓመታቸው በልብ ሕመም መሞታቸውን፣ ይህ ሐዘን ዕድሜውን ሙሉ እንደተከተለው፣ ሰውን ሁሉ የሚያስቀው ሰው በውስጡ በጭንቀት ይሠቃይ እንደነበር ያሳያል። ተመልካቹ ከፊልሙ ሲወጣ የሚያውቀው አንድ ቀልደኛን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሙሉ ሰውን ነው። በእኛ ባህል «ሙት ወቃሽ» መባል ያስነውራል። መውቀስ ሌላ፣ የሰውን መከራ መግለጥ ሌላ መሆኑን ግን መለየት ይገባል። የሳቅን ዋጋ የሚያሳውቀው ሳቁ የተከፈለበት መከራ ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም እንዲሠራ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛው የሰውየው ሥራ ራሱ ነው፤ ፊልሙ፣ የመድረክ ቅጂው፣ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ዝግጅቱ። ሁለተኛው የግል ማስረጃ ነው፤ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ በቤት ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ ወይም ምስል። ሦስተኛው በሕይወት ያሉ ምስክሮች ናቸው፤ ቤተሰብ፣ የሥራ ባልደረባና ጎረቤት። አራተኛው ዘመኑን የሚገልጥ ማስረጃ ነው። የካንዲን ፊልም ለመሥራት ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላም ቢሆን አራቱም ተገኝተዋል። በኢትዮጵያ ግን ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲጎድሉ ማየት የተለመደ ነው።

የአለቃ ገብረ ሐና ሳቅ ስለምን አልሞተም?

«ካሜራ ባልነበረበት ዘመን የኖሩ ቀልደኞች እስከ ዛሬ ይታወሱ የለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ወደ እንጦጦ ይመልሰናል።

አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መናገሻቸውን ያደረጉት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። የዚያ ዘመን አልባሳትና የክብር ዕቃዎች ዛሬም በደብሩ ሙዚየም ይታያሉ። የዚያ ዘመን ሳቅ ግን በሙዚየም ውስጥ አይገኝም፤ ያለው በሰው አፍ ነው። ያን ሳቅ ለትውልድ ካስተላለፉት ሰዎች ቀዳሚው ከፎገራ የተገኙት ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው።

አለቃ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የሚታወቁት «የተክሌ» በሚባለው የአቋቋም ስልት ነው፤ ስልቱ ከእርሳቸው ተነሥቶ በልጃቸው በተክሌ ስም ይጠራል። በሕዝቡ ዘንድ ግን የሚታወቁት በቀልዳቸው ነው። ከንጉሡና ከእቴጌይቱ ጋር እንዲሁም ከገበሬውና ከባለጋማው ጋር ያደረጓቸው ናቸው የሚባሉት ቃለ ምልልሶች ብዙ ናቸው። አህዮች እየነዳች የምታልፍን ሴት አይተው «እንደምን አደርሽ የአህዮች እናት?» ቢሏት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» ብላ መለሰችላቸው የሚባለውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ከአለቃ ቀልዶች መካከል ሌላው ሰው አለቃን የሚረታባቸው መኖራቸው ራሱ የሕዝቡን ፍርድ ያሳያል፤ ቀልደኛ የሚወደደው ሲቀልድ ብቻ ሳይሆን ሲቀለድበትም ነው።

ይህ ቀልድ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ሙሉ በሙሉ በቃል ውስጥ ስላለ ነው። ሴትዮዋ «ልጄ» ስትል ነገሩ ያልቃል፤ ማንም ቢያወራው፣ በየትኛውም ዘዬ ቢነገር ሳቁ አይጠፋም። እንደ እህል ዘር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ የተቀበለ ሁሉ መልሶ ይዘራዋል።

የተዋናይ ሳቅ ግን ሌላ ነው። ተዋናዩ የሚያስቀው በሚናገረው ብቻ አይደለም። ከመናገሩ በፊት ዝም በሚልባት ቅጽበት፣ በቅንድቡ አነሣስ፣ በአካሄዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ድንገት ከፍ በሚያደርግበት ሁኔታ ያስቃል። ያንኑ ቃል ሌላ ሰው ሲደግመው «እሱ ሲለው ነበር የሚያስቀው» ተብሎ ይታለፋል። የአለቃን ቀልድ አያት ለልጅ ልጅ መንገር ይችላል፤ የአባባ ተስፋዬን ፊት ግን ማንም ሊናገረው አይችልም። የአስቂኝ ተዋናይ ትዝታ ምስልና ድምፅ የሚፈልገው ስለዚህ ነው።

በኮሜዲ የተጀመረ ቴአትር፣ በመድረክ ያደገ ሰው

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ከሳቅ መጀመሩ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ውስጥ በመኳንንት ፊት ቀረበ። እንስሳትን እያናገረ የዘመኑን አስተዳደር የሚነካ ስለ ነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የመጀመሪያው ተውኔት ኮሜዲ ነበር፤ የመጀመሪያው የታገደ ተውኔትም ያው ኮሜዲ ሆነ። ተውኔቱ በጽሑፍ ስለ ቆየ ዛሬም ይነበባል። በዚያ ዕለት የተወኑት ሰዎች እንዴት እንዳሳቁ ግን የሚያውቅ የለም።

ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሰኔ ወር 1915 ዓ.ም በባሌ ነው። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቴአትር ሙያን ተቀላቀሉ። በዚያ ዘመን ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ነበሩ። ተስፋዬም ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው የሴት ሚና ከተጫወቱት አንዱ ነበሩ።

ወደ ኮርያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ጦር ለማዝናናት ከተላኩት ከያንያን መካከልም ነበሩ። ከአገሩ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በበረዶ ውስጥ ለሚዋጋ ወታደር በአገሩ ቋንቋ የሚቀልድለት ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በ1948 ዓ.ም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ሲከፈት ተስፋዬ በተዋናይነት በዚያ ነበሩ። ሙዚቃ ይጫወታሉ፤ የምትሐት ትርዒት ያሳያሉ፤ አሻንጉሊት ይዘው ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ አሻንጉሊቱ የሚናገር እስኪመስል ድረስ ያናግሩታል። በአንድ ሰው ውስጥ ተዋናይ፣ ቀልደኛ፣ ሙዚቀኛና ተረት ነጋሪ ነበሩ።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ እስከ 1998 ዓ.ም ድረስ አባባ ተስፋዬ ለልጆች ተረት ነገሩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ንጉሣዊው ሥርዓት ወርዶ ደርግ መጣ፤ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ገባ። በሦስቱም መንግሥታት ዘመን በቴሌቪዥኑ መስኮት ያልተለወጡት ፊት የእርሳቸው ነበር ማለት ይቻላል። ዝግጅቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ተላልፏል ተብሎ ቢታሰብ እንኳ በአርባ ዓመት ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ይሆናል። እንግዲህ የመታሰቢያ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከዚህ ሁሉ ስንቱ ተርፏል?» የሚል ነው።

በመድረክ የተሠራው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ብዙዎቹ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ተውኔቶች ከፎቶግራፍና ከተመልካች ትዝታ በስተቀር ምስላቸው አልተቀረጸም። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ዛሬም የሚነበቡ ድንቅ ኮሜዲዎች ናቸው፤ ጽሑፋቸው አለ። በመጀመሪያው ዘመን መድረክ ላይ ሕይወት የሰጧቸው ተዋንያን እንዴት እንደ ተጫወቷቸው ግን ያዩት ሰዎች ብቻ ያውቃሉ። ያዩት ሰዎችም እያለፉ ነው።

ቴፑ ሲደመሰስ፣ ክሩ ሲበላሽ

ቅጂን መጣል የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። በቴሌቪዥን የመጀመሪያ ዘመናት የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለ ነበር ብዙ ጣቢያዎች የተላለፈውን ዝግጅት ደምስሰው በዚያው ቴፕ ላይ ሌላ ይቀርጹ ነበር። ቢቢሲ እንኳ ፒተር ኩክና ደድሊ ሙር የተባሉት ዝነኛ ቀልደኞች በ1960ዎቹ የሠሩትን አብዛኛውን ዝግጅት በዚህ መንገድ አጥፍቷል። ዛሬ እንግሊዛውያን ስለ እነዚህ ሰዎች ፊልም ሲሠሩ የተረፈችውን ጥቂት ቅንጭብ ደጋግመው ለማሳየት ይገደዳሉ።

በዚያው አገር የሆነ ሌላ ታሪክ ግን ተስፋ ይሰጣል። «ዳድስ አርሚ» ከተሰኘው ተወዳጅ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ጠፍተው የነበሩ ሁለት ክፍሎች በ2001 ተገኙ። ፊልሞቹ ሊጣሉ ሲሉ ያነሣቸው ሰው በጓሮው መጋዘን ውስጥ አቆይቷቸው ነበር። ትልቁ ተቋም የጣለውን አንድ ተራ ሰው አዳነው። ከዚያው ድራማ ሦስት ክፍሎች ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም።

በኢትዮጵያ ደግሞ ከቴሌቪዥን ይልቅ ወደ ብዙ ቤት የገባው ካሴት ነበር። በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ ቀልድና ጭውውት በካሴት እየተቀረጸ ይሸጥ ነበር። በአውቶቡስ፣ በሻይ ቤት፣ በወፍጮ ቤት፣ ሬዲዮና ቴፕ ባለው ገበሬ ቤት ሰው ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። ከልመንህ ታደሰ ጋር በጥንድ ቀልዳቸው የታወቁትና ኋላም «አለቤ ሾው» በተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅታቸው የተወደዱት አለባቸው ተካ፣ እንዲሁም ተስፋዬ ካሳ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ በኋላም በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ድምፃቸው ሳይኖር አልቀረም። የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ባልደረሰበት ገጠር አንድን ቀልደኛ በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ብቻ የሚያውቅ፣ ግን ከልቡ የሚወድ ብዙ ሰው ነበር።

ይህ ሀብት ግን በጊዜ የተገደበ ነው። የካሴትና የቪዲዮ ክር ማግኔታዊ ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ አቧራና ጢስ ሲነኩት ዱቄቱን የያዘው ማጣበቂያ ይላላል፤ ክሩ ይጣበቃል ወይም ይሻግታል። በጥሩ ሁኔታ ያልተቀመጠ ክር ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ድምፁም ምስሉም ሊደበዝዝ ይችላል። ክሩ ደኅና ቢሆን እንኳ ማጫወቻው እየጠፋ ነው፤ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ያመርት የነበረው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ በ2016 ምርቱን አቁሟል። ዩኔስኮም በ2019 የማግኔታዊ ክር ቅርሶች ጊዜ ሳያልፍ ወደ ዲጂታል እንዲገለበጡ ለዓለም ማስጠንቀቂያ አሰምቷል።

በአንጻሩ በቅርብ ዘመን ያለፉ ተዋንያን ዕድል የተለየ ነው። የሲኒማ አፍቃሪው «ባባ» እያለ የሚጠራው ታሪኩ ብርሃኑ ሲያርፍ አድናቂዎቹ የፊልሞቹን አስቂኝ ትዕይንቶች ወዲያውኑ ይቀባበሉ ነበር፤ በእጅ ስልካቸው ነበሩና። የዲጂታል ዘመን ተዋናይ አድናቂውን ለሙሾ ብቻ አይተወውም፤ ሳቁንም ትቶለት ይሄዳል። ሆኖም ዲጂታልም ቢሆን ካልተጠበቀ ይጠፋል። ስልክ ይሰረቃል፣ ኮምፒውተር ይበላሻል፣ የተጫነበት ገጽ ይዘጋል። ልዩነቱ መገልበጡ ቀላል መሆኑ ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ በትክክል ይሠራል። አንድን የተወደደ የሳቅ ሰው ለማስታወስ የሚሠራ ፊልም የሚጀምረው ካሜራ ያላቸው ባለሙያዎች ሲመጡ አይደለም፤ በየቤቱ ያለው ሲጠበቅ ነው። ለዚህም የሚከተሉትን ቀላል ጥንቃቄዎች ማድረግ ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ በቤት ያለ አሮጌ ካሴት ወይም የቪዲዮ ክር ከመጣሉ በፊት በላዩ የተጻፈው ይነበብ፤ ካልተጻፈበት የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ። የተዋናዩ ስም፣ የተቀረጸበት ዓመትና ቦታ ከታወቀ በወረቀት ላይ ተጽፎ ከሣጥኑ ጋር ይቀመጥ። ስም የሌለው ቅጂ ከጠፋ ቅጂ ብዙም አይሻልም።

ሁለተኛ፣ ክሩ ከምድጃ ጢስና ከእርጥብ መሬት ርቆ፣ ፀሐይ በማይመታው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ካሴቱ በሣጥኑ ውስጥ ቆሞ እንጂ ተነባብሮ ባይቀመጥ ይመረጣል። ማግኔት ያለበት ድምፅ ማጉያ አጠገብ ማስቀመጥም ቅጂውን ሊጎዳው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለዓመታት ያልተከፈተን ክር ለማየት በመጓጓት አሮጌ ማጫወቻ ውስጥ መክተት አደጋ አለው፤ ማሽኑ ክሩን ሊበላው ይችላል። በላዩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ከታየ ጨርሶ መጫወት የለበትም። ወደ ዲጂታል የሚገለብጥ ባለሙያ ጋ መውሰድ ይሻላል። የተገለበጠው ደግሞ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ሌላው ይተርፋል።

አራተኛውና ምናልባትም ዋነኛው፣ ያዩትንና የሰሙትን አረጋውያን መቅዳት ነው። ዛሬ በብዙ ወጣት እጅ ያለው ስልክ ለዚህ ይበቃል። ጸጥ ያለ ቦታ ይመረጥ፤ ስልኩ በጎኑ ይያዝ፤ ተናጋሪው ስሙን፣ ዕለቱንና ቦታውን በመናገር ይጀምር። «ሰውዬው እንዴት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው ምስጋና ብቻ ነው። «መጀመሪያ ያየኸው የት ነበር? ከማን ጋር ሆነህ ነበር? የትኛው ጨዋታ ላይ ነበር ሰው እስኪያለቅስ የሳቀው?» የሚሉት ጥያቄዎች ግን ታሪክ ያመጣሉ። የዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ተቋማትም የየድርሻቸው አለባቸው። በሕዝብ ዘንድ «ወመዘክር» በሚባለው ስሙ የሚታወቀው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማኅደር፣ የቴአትር ቤቶች መዝገብ ቤትና የዩኒቨርሲቲዎች የቴአትር ትምህርት ክፍሎች ያላቸውን ዘርዝረው ቢያሳውቁ፣ ፊልም ሠሪው የት እንደሚፈልግ ያውቃል። ዓለም የድምፅና ምስል ቅርስ ቀን ብሎ በየዓመቱ በጎርጎሮሳውያኑ ጥቅምት 27 የሚያከብረው ዕለት፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት አጋማሽ፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ መቀስቀሻ ሊሆን ይችላል።

ፍቅርና ፈቃድ

አድናቂዎች የሚወዱትን ተዋናይ ለማስታወስ ቅንጭቦችን ሰብስበው ራሳቸው ፊልም የሚሠሩበት ዘመን ነው። ፍቅራቸው የሚመሰገን ቢሆንም ሕግ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ሥራ ባለቤት ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጠበቃል፤ መብቱም ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። ስለዚህ ለሕዝብ የሚቀርብ ወይም ገቢ የሚያስገኝ የመታሰቢያ ሥራ ከቤተሰቡና ከቅጂው ባለቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ፈቃድ መጠየቅ ሕግን ከማክበር ያለፈ ጥቅምም አለው። ቤተሰቡ ሲጠየቅ ያልታየ ፎቶግራፍ ከሣጥን ይወጣል፤ ያልተሰማ ታሪክ ይነገራል። ብዙ የኢትዮጵያ ከያንያን በሕዝብ ፍቅር ተከበው፣ ግን በችግር ውስጥ ሆነው ማለፋቸው የታወቀ ነው። ከመታሰቢያው ሥራ የሚገኘው ጥቅም ለልጆቻቸው ቢደርስ፣ ሳቁን የከፈሉት ሰዎች ዋጋቸውን ከሞት በኋላም ቢሆን ያገኛሉ።

«ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ይባላል። ለአስቂኝ ተዋናይ ግን ስም ብቻውን አይበቃውም፤ ስሙ ሲጠራ ፊቱ ካልመጣ፣ ድምፁ ካልተሰማ፣ የማያውቀው ትውልድ በጨዋነት አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ከእንጦጦ ዘመን እስከ ዛሬ የደረሰው እያንዳንዱ ሰሚ መልሶ ተናጋሪ ስለ ሆነ ነው። የአባባ ተስፋዬና የመሰሎቻቸው ሳቅ ወደ ነገዎቹ ፍሬዎች የሚደርሰው ደግሞ እያንዳንዱ ተመልካች በእጁ ያለችውን ጥቂት ነገር ጠባቂ ሲሆን ነው። በአንድ ጎጆ ጣሪያ ሥር የተረሳች ካሴት፣ በአንዲት አያት ልብ ውስጥ ያለች አንዲት ትዝታ፣ ነገ የሚሠራው ፊልም ዛሬ እየጠበቃቸው ያሉ ናቸው።